ሥዕሉ ከቃሉ እንዳይለይ

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር እንዲመለስላቸው ጠይቀው ነበር። አንደኛው ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው፥ ጌታችን የሾኽ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል ነው። ሁለቱም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ነበሩ። በሎንዶን ያለው ቤተ መዘክር የክብረ ነገሥት ቅጅ ሁለት ነበረውና አንዱን መለሰ። ሥዕሉን ግን ቤተ መዘክሩ ከጦሩ ጋራ ልኮት የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ የተባለው ሰው ለግሉ አስቀርቶት ነበርና ለንጉሠ ነገሥቱ አልተመለሰላቸውም፤ ኋላም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ዐፄ ዮሐንስም ይህን ሥዕል ሳያገኙት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋራ በተዋጉበት በመተማ ቈስለው ሞቱ። ከገንዳ ውሃ አልፎ በሱዳን ወሰን ላይ ያለው ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ተብሎ የሚጠራው በስማቸው ነው።

ኵርዓተ ርእሱ ከአገር የወጣው በመቅደላ ጊዜ ብቻ አልነበረም። የጎንደር ነገሥታት ይዘውት ይዘምቱ ነበርና፥ ዳግማዊ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምተው ድል በሆኑ ጊዜ በስናሮች እጅ ወድቆ፥ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ወደ ጎንደር ተመልሶ ነበር። ስለ ሥዕል ወርቅ የሚከፍል መንግሥት የሥዕልን ነገር እንደ ጌጥ ብቻ አይቈጥረውም ነበር ማለት ነው።

መጽሐፉ ተመለሰ፥ ሥዕሉ ቀረ የሚለው ነገር ግን አንድ ጊዜ ደርሶ ያለፈ ዕድል አይደለም። በአገራችን የመጻሕፍት አጠባበቅ ታሪክ ደጋግሞ የሚታይ ነው፤ ቃሉ ሲድን ሥዕሉ ይቀራል፥ ሥዕሉ ሲድን ቃሉ ይጠፋል። ዛሬ መጻሕፍት በኮምፒዩተር በሚቀረጹበት ዘመንም ይኸው ነገር አልቀረም። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ለመጠበቅ የሚረዳ ዘዴ የተዘጋጀው ደግሞ ማንም ባልጠበቀው ስፍራ፥ ይኸውም የአሜሪካ ልጆች በሳንቲም እየገዙ ያነቡት በነበረው በኮሚክ መጽሐፍ ጥናት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚሁ ነው። የአገራችንን ዘመን በዓመተ ምሕረት፥ የውጭ አገሩን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ኮሚክ የሚባለው፥ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገርበት፥ እያንዳንዱ ሥዕል በመስመር ታጥሮ፥ የባለ ታሪኩ ንግግር ከአፉ አጠገብ በተከበበ ስፍራ የሚጻፍበት መጽሐፍ ነው። ብዙ ሊቃውንት መዠመሪያውን ከጄኔቭ ሰው ከሮዶልፍ ቶፕፈር ይቈጥሩታል፤ እርሱ በ1830ዎቹ ዓመታት እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ሥሎ አሳትሟል። በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ወዲህ በርካሽ ወረቀት በብዙ ሺህ ይታተም ዠመር። ጎረቤታችን ሱዳን በ1946 አስ-ሲብያን የተባለ የልጆች መጽሔት በካርቱም አቋቁማ፥ በሙዚቃው ይበልጥ የሚታወቀው ሸርሐቢል አሕመድ ሥዕል ይሥልበት ነበር። በእኛም ቋንቋ ኢታን ኮሚክስ የተባለው ማኅበር በ2018 ጀምበር የተባለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል።

ነገር ግን ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከዘንዶው ዠምሮ እስከ ምኒልክ መወለድና ከዚያም ወዲህ፥ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ትናንሽ አራት ማዕዘን ከፍለው፥ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ቃል ጽፈው የሚሥሉ ሠዓሊዎች በአዲስ አበባ ብዙ ነበሩ። ይህን ሸራ ያየ ፈረንጅ ሁሉ ኮሚክ ነው ይለዋል። እኛ ግን ሥሩን ከዚያ ራቅ አድርገን በጎንደር ዘመን በተጻፉት የተአምረ ማርያም መጻሕፍት እናገኘዋለን። በእነዚያ መጻሕፍት ገጹ ከላይና ከታች ይከፈላል፤ አንዱ ሰው በላይኛው ሲበድል፥ በታችኛው ሲድን ይታያል፤ ከሥዕሉም አጠገብ በጥቂት ቃል የሚደረገው ነገር ይነገራል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይዠምራል፤ ትርጓሜውም «እንዲህ እንዳደረገ» እንደ ማለት ነው። ይህችን አንዲት ቃል የሚያውቅ ሰው ሥዕልና ጽሑፍ እንደ ምን ተጋብተው እንደ ተሠሩ ይረዳል። ሥዕሉ ያለ «ዘከመ» ድዳ ነው፤ «ዘከመ»ም ያለ ሥዕሉ የሚያመለክተው የለውም።

በላዔ ሰብእን እንውሰድ፤ ታሪኩን የማያውቅ ካህን የለምና። መዠመሪያ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይሣላል። ቀጥሎ ሰይጣን በሥላሴ አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲያርድለት ሲጠይቀው ይታያል። ከዚያ 78 ነፍስ የበላበት፥ ከዚያ ለለምጻሙ ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ የሰጠበት፥ በመጨረሻም ሚዛኑ ተነሥቶ ውሃው የደፋበት ይመጣል። ከእነዚህ አንዱን ቅጠል ቈርጦ ያወጣ ነጋዴ ምን እንደሚሸጥ አስቡ። ሚዛን የያዘ መልአክና የሚፈራ ሰው ብቻ ይሸጣል። የብራና መጽሐፍን እየቀደዱ ቅጠሉን ለየብቻው ለመንገደኛ መሸጥ በአገራችን የታወቀ ጥፋት ነው፤ እንዲህ ሆነው የወጡ ሥዕሎች በብዙ አገር ቤት ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅለዋል፥ ከየትኛው መጽሐፍ፥ ከየትኛውም ደብር እንደ ወጡ የሚናገር ግን ከጎናቸው የለም።

የምዕራብ ጎንደር ቈላ ለዚህ ነገር ሩቅ ምስክር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበት ቋራ ዛሬ ዋና ከተማው ገንዳ ውሃ በሆነው ዞን ውስጥ ነው። እርሳቸው በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስበዝብዘው መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አስወሰዱ፤ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ሊያቆሙ ያስቡ ነበርና። ከዚያም በሁለተኛው ዓመት የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ምርኮ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ከመጻሕፍቱ 350 የሚያህሉት ወደ ሎንዶን ቤተ መዘክር ገቡ። ሃያ ዓመት ቈይቶ፥ በጥር 1880 ዓ.ም.፥ በአቡ አንጃ የሚመራው የደርቡሽ ጦር በመተማ በኩል ወጥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ጎንደር ገብቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ አቃጠለ፤ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ በግድግዳና በጣራ ሥዕሉ የታወቀው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የአንድ አውራጃ መጻሕፍት እኩሉ በዝርፊያ፥ እኩሉ በእሳት አለቁ። መራራ ቢሆንም መናገር ይገባል፤ በሎንዶን ያሉት ከእሳቱ ተርፈዋል። ይህ ግን የወሰዳቸውን ሰው ጻድቅ አያደርገውም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የፎቶግራፍ ዘመን ነው። በ1968 ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ደሴቶች የነበሩትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ። በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ኮሌጅቪል ካለው ከቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋራ ተባብራ ታላቁን ሥራ አስዠመረች፤ እስኪቆም ድረስ ከ8000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በመጻፍ ብዙውን ድካም የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በአብዮቱ ጊዜ በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ከቀሩ በኋላ ከ1976 ዠምሮ በኮሌጅቪል ተቀምጠው፥ እያንዳንዱን ፊልም ቅጠል በቅጠል እያነበቡ፥ በኅዳግ የተጻፈውን የርስት ውልና የባለቤቱን ስም ሳይቀር መዘገቡ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም።

ይህን ሥራ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ጕድለቱን መሸሸግ አይገባም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። የጎንደር ሠዓሊ ቀይና ቢጫ እያሻገረ የሣለው ፊት በፊልሙ ላይ አመድ መሰለ። በካናዳ የቶሮንቶው መምህር ማይክል ጄርቨርስና የሥዕል ታሪክ አዋቂዋ ኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮቭስካ መዝገበ ሥዕላት ብለው የሰየሙትን የኮምፒዩተር መዝገብ ሲያቋቁሙ ይህን ጕድለት ለመሙላት ነበር፤ በቀለም የተነሡ ብዙ ዐሥር ሺህ ፎቶግራፎች ሰብስበዋል። ከዚህም በኋላ ግን ቃሉ በአንድ አህጉር መዝገብ፥ ሥዕሉ በሌላ መዝገብ ሊቀመጥ ቻለ። ሁለቱን አጣምሮ ማየት የሚፈልግ ተማሪ በሁለት መዝገብ መካከል ይመላለሳል።

አሁን ወደ ኮሚኩ እንመለስ። የአሜሪካ ኮሚክ የታተመበት ወረቀት ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ስለ ሆነ፥ በውስጡ ያለው አሲድ በራሱ ጊዜ ያቃጥለዋል፤ ቢጫ ይሆናል፥ ቀጥሎም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። አምስት መቶ ዓመት የሚቈይ ብራና ያለን እኛ ይህን ስንሰማ እንደነቃለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሮጌ ወረቀት ለጦር ሥራ ሲሰበሰብ ብዙ ኮሚክ አብሮ ጠፋ። ከጦርነቱም በኋላ፥ የልጆችን ጠባይ ያበላሻል ተብሎ በ1948 በየከተማው ተሰብስቦ በእሳት ተቃጠለ፤ በቢንግሃምተን ከተማ እሳቱን ያነደዱት የአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ያቃጠሉት ሰዎች መልካም የሠሩ መስሏቸው ነበር። ዛሬ ያ ወረቀት በሙዚየም መስኮት ውስጥ በጥንቃቄ ይጠበቃል። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለን ሰዎች፥ የትኛው ወረቀት ለነገ እንደሚያስፈልግ ዛሬ በቅጽበት መፍረድ እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ በዚህ እናያለን።

የተረፈውን ለማዳን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ነው፤ ግን ፎቶግራፍ ለኮምፒዩተር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ በነጠብጣቡ ውስጥ ማን ለማን እንደ ተናገረ አያውቅም። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጆን ዎልሽ ለዚህ ሲሉ በ2012 አሳትመው ባስረዱት ሥራ አንድ የምልክት ቋንቋ አዘጋጁ። ሥሩ ቲ.ኢ.አይ. የተባለው፥ ከ1987 ዠምሮ የብዙ አገር ሊቃውንት ለመጻሕፍት ሁሉ ያወጡት የምልክት ሥርዐት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉ በኮምፒዩተር ይገለበጣል፤ በየክፍሉ መዠመሪያና መጨረሻ ላይ የክፍሉ ስም በምልክት ይኖራል። ይህ የታጠረ ሥዕል ነው፤ ይህ ከሥዕሉ በላይ የተጻፈ መግለጫ ነው፤ ይህ ንግግር ነው፥ የተናገረውም እገሌ ነው፤ ይህ ደግሞ ያሰበው እንጂ የተናገረው አይደለም፤ እየተባለ ይመዘገባል። የሥዕሎቹ ተራ ይጠበቃል፤ እያንዳንዱም ክፍል ከፎቶግራፉ ስፍራ ጋራ ይታሰራል። ባለሙያዎቹ ይህን ኮድ ይሉታል፤ እኛ ምልክት ማኖር ብንለው ይቀላል። በቀይ ቀለም የቅዱሳንን ስም እየለየ የሚጽፍ ቍም ጸሐፊ የዚህን ሥራ አሳብ ያለ መምህር ይረዳዋል፤ ቀይ ቀለሙም ምልክት ነበርና።

ዎልሽ ከሁሉ ይልቅ ያስተዋሉት፥ ሌላው ሰው እንደ ትርፍ የሚቈጥረውን ነው። በኮሚክ መጽሐፍ ውስጥ ከታሪኩ ጋራ የሸቀጥ ማስታወቂያና ከአንባቢዎች የተላከ ደብዳቤ ይታተማል። እርሳቸው ይህም አብሮ ይመዝገብ አሉ፤ መጽሐፉ በማን እጅ እንደ ዋለና በምን ዘመን ይነበብ እንደ ነበር የሚናገረው እርሱ ነውና። የእኛ ወንጌሎች ይህን ያህል ዘመን የርስት ውል፥ የዕቃ ቤት ዝርዝርና የሟች መታሰቢያ በባዶ ቅጠላቸው ተሸክመው ኖረዋል። የታሪክ ጸሐፊ ከወንጌሉ ቃል ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ያንን የኅዳግ ጽሑፍ ነው። ያለ እርሱ የመካከለኛው ዘመን የርስት ታሪካችን ጨለማ በሆነ ነበር።

አሁን የበላዔ ሰብእን ገጽ በዚህ ሥርዐት እንመዝግበው። ሥዕል አንድ፥ ሥዕል ሁለት፥ እየተባለ ተራው ይቈጠራል። «ዘከመ» የሚለው መግለጫ በግዕዝ እንዳለ ይገለበጣል፥ ከየትኛው ሥዕል እንደ ሆነም ይታሰራል። በሚዛኑ አጠገብ ያለው መልአክ ስሙ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ ስሙ ከሥዕሉ ላይ እንደ ተነበበ፥ ካልተጻፈ ግን አንባቢው እንደ ገመተ ተለይቶ ይመዘገባል። በገጹ ግርጌ ተደፍቶ የሚማፀነው ሰው፥ መጽሐፉን ያጻፈው ባለቤት ነውና የታሪኩ ሰው አይደለም፤ ይህ ካልተለየ በላዔ ሰብእ ሁለት ጊዜ ተሣለ ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ሥዕሉን የሚሸፍነው በብራናው ላይ የተሰፋ የሐር ጨርቅ ካለም ይመዝገብ። ፎቶግራፍ አንሺው ጨርቁን ገልጦ ያነሣል፥ በፎቶግራፉም ላይ ጨርቁ የለም። ጨርቁ ግን ምእመን በሥዕሉ ፊት እንዴት እንደ ቆመ ይናገራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፊደላችን በኮምፒዩተር ውስጥ ስፍራ ካገኘ በኋላ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለግዕዝ ፊደል የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ጭረት ይሆን ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ ፊደላችንን አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» በገንዳ ውሃም በሐምቡርግም አንድ ቍጥር አለው። በሐምቡርግ አሌሳንድሮ ባውዚ የሚመሩት፥ ቤተ መጻሕፍት ብለው በግዕዝ የሰየሙት ሥራ በ2016 ተዠምሯል፤ እስከ 2040 እንዲቈይ የታሰበ ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን መጻሕፍት በዚያው በቲ.ኢ.አይ. ሥርዐት ይመዘግባል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም ዌንዲ ቤልቸር ከ2018 ዠምረው ከሺህ የሚበልጡትን የእመቤታችን ተአምራት ከነሥዕላቸው በመመዝገብ ላይ ናቸው። የትኛው ተአምር በየትኛው ዘመን ብዙ ጊዜ ተሣለ ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘት የሚቻለው እንዲህ ሲመዘገብ ብቻ ነው።

ኮምፒዩተርን እንደ መና የሚቈጥሩ ሰዎች ግን አሉና አንድ ነገር ልንነግራቸው ይገባል። በጥቅምት 2023 ሌቦች የሎንዶኑን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ሰብረው ገቡ። የመቅደላን መጻሕፍት ጨምሮ የብራናዎቹ ፎቶግራፍ ከኢንተርኔት ጠፍቶ ለብዙ ጊዜ ሳይታይ ቀረ። ብራናዎቹ በመደርደሪያቸው ሳሉ ቅጃቸው ለሩቅ አንባቢ እንዳልነበረ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የተነሣው የካርቱም ጦርነት ደግሞ የሱዳንን ብሔራዊ ሙዚየም አስዘረፈ፤ ስደተኞቹ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲገቡ የአውራጃው ሰው በዐይኑ አየ። ከጦርነቱ አስቀድሞ ሱዳን ሜሞሪ የተባለው ሥራ ከብዙ የሱዳን ቤትና ቢሮ ፎቶግራፍና ወረቀት ቀርጾ በውጭ አገርም አኑሮ ነበርና፥ ያ ክፍል ዛሬ ይነበባል። ቅጅ በአንድ ስፍራ ብቻ ቢቀመጥ የዕቃ ቤቱ ቍልፍ በአንድ ሰው አንገት ላይ እንደ ተሰቀለ ማለት ነው።

በገዳማት ያሉ አባቶች ፎቶግራፍ አንሺን በጥርጣሬ ሲያዩ ሊፈረድባቸው አይገባም። እንግዳ ሆኖ ገብቶ መጽሐፍ የሰረቀ ብዙ ነው፤ የመጽሐፉ ዝርዝር በዓለም ፊት ሲታይ ለሌባው መንገድ እንደሚያሳይም የታወቀ ነው። ስለዚህ የሐሳቡ ፍሬ፥ ማኅበሩ ፈቃዱን እንዲሰጥ ብቻ ሳይሆን ቅጁንም እንዲይዝ ነው። በመተማና በቋራ መካከል ባለው ደን ውስጥ ያለው እንደ ማኅበረ ሥላሴ ያለ የአንድነት ገዳም፥ ወይም በሙቀቱና በምስጡ መጻሕፍቱ የሚጎዱበት የቈላ ደብር፥ ሐርድ ዲስክ ብቻ ተሰጥቶት ቢቀር ከጥቂት ዓመት በኋላ የማይከፈት ብረት ይሆንበታል። በየጊዜው ወደ አዲስ ዕቃ የሚያሻግረው ሰው በከተማው ሊኖር ይገባል። በገንዳ ውሃ ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶች አሉ። መብራት ሲጠፋ ቢዘገይ እንጂ ሥራው አይቀርም።

ከኮምፒዩተር አዋቂው ይልቅ የሚጎድለው አንባቢው ነው። የፈረንጅ ተማሪ ግዕዙን በመዝገበ ቃላት እየፈታ «ዘከመ»ን ያነባል፤ ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ቅዱስ በአካባቢው በምን ስም እንደሚጠራ፥ የርስቱ ውል የሚጠራው ወንዝ ዛሬ የትኛው እንደ ሆነ፥ ከኅዳግ የተጻፈው ስም የማን አባት እንደ ነበረ የሚያውቀው የአገሩ መርጌታ ነው። የሐምቡርጉ መዝገብ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ በእያንዳንዱ መግለጫ ላይ ማን እንደ ጻፈው፥ ማን በየትኛው ቀን እንዳረመው ይታያል። ስለዚህ በሐምቡርግ የተቀመጠ መምህር «ያልታወቀ ቅዱስ» ብሎ የጻፈውን የአካባቢው መርጌታ ስሙን ሞልቶ ሊልክለት ይችላል፤ ያረመውም ሰው ስም ከእርማቱ ጋራ ይቀመጣል።